ከቁልቢ ወዲያ

የትም ልትሄድ አስብ፤ ካንተ ቀድሞ የደረሰ አንድ ጎረቤት አለህ። አዲስ አበባ ነው የምትሄደው? አውቶብሱ የት ቆሞ ምሳ እንደሚያበላ፣ የትኛውን ወንበር ፀሐይ እንደሚመታው ይነግርሃል። ሆስፒታል ልትተኛ ነው? "አልጋው በመስኮት በኩል ይሁንልህ፤ የበር በኩሉ ይጮኻል" ይልሃል። እንዲህ ያለው ሰው በየሰፈሩ አንድ አንድ ይታደላል። ለእኛ ለድሬዳዋ ገንደ ቆሬዎች የደረሰችን ክብርት ቱሪያ ናት።

"ክብርት" የሚለውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ ራሷ ማዕረግ አትወድም። "አንቱ" ያላት ሰው ከተገኘ፣ ማንን ነው የሚያናግረው ብላ ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ታይዋን ገበያ ሻሽና ዲሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚረዝም ሴት ናት። ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ትዞራለች፤ ከፀሐይ የሚከልላት ግን እምብዛም ነው። ስታዝ የምትጠቁመው በእሱ ነው፣ ስትቆጣ መሬት የምትመታው በእሱ ነው።

ከእጇ የገባሁት ባለፈው ዓመት፣ ከአረፋ በፊት ነው። ባሌ ያለውን የሼህ ሁሴንን መስጊድና መቃብር ለመዘየር በእግሬ ልሄድ አሰብኩ። ዛሬ ብዙው ሰው በመኪና ነው የሚሄደው። እናቴ ግን ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር በእግሯ ሄዳለች። ዋቢ ሸበሌን እንዴት እንደተሻገሩ ስትነግረኝ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብሰብ አድርጋ በሳሎናችን ምንጣፍ ላይ እየተንገዳገደች ትራመድ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ያን ወንዝ ማየት አማረኝ። አማኝነቴ መካከለኛ፣ ኪሴ ስስ ነው። ሥራዬ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አምፖል መሸጥ ስለሆነ፣ እግሬ ከወንበር በቀር የሚያውቀው የለም።

የነገርኩት ለባለቤቴ ለፋርሂያ ብቻ ነው። ፋርሂያ ለዱኒያ ነገረቻት። ዱኒያ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት፤ ታሞ የነበረው ወንድሟ ስለዳነላት ስለቷን ለማድረስ ሼህ ሁሴን የሚሄድ ሰው ትፈልግ ነበር። የምትኖረው ደግሞ ክብርት ቱሪያ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጃንጥላው በሬን መታ።

"ጫማህን አምጣ" አለችኝ። ሰላምታ የለም።

"የትኛውን?"

"የምትሄድበትን አቦ! የቤትህን ምን አደርገዋለሁ?"

ገና ከካርቶኑ ያልወጣውን ስፖርት ጫማ አመጣሁ። አጎበጠችው፣ አሸተተችው፣ ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ አንኳኳችው። ሐብሐብ የምትመርጥ ነው የሚመስለው።

"ከዛሬ ጀምሮ አታወልቀውም። እግርህ ድሬ ውስጥ ይቁሰል። ዳገቱ ላይ ቢቆስል ማን ያለቅስልሃል?"

በድሬ ሙቀት፣ በወፍራም ካልሲ፣ ሱቄ ውስጥ ስፖርት ጫማ አድርጌ መዋል ጀመርኩ። ደንበኞቼ ስኳር ይዞኝ እንደሆነ በዘዴ ይጠይቁኝ ነበር።

ቀጥሎ ቦርሳዬ ለምርመራ ቀረበ። በአንድ እጇ አንጠልጥላ ዓይኗን ጨፈነችና "ከባድ ነው" ስትል ፈረደች። ከሁለት ሳሙና አንዱ ወጣ። ፎጣዬ በዱኒያ መቀስ ለሁለት ተከፈለ። ትንሽ ቆየችና ጃኬቴን አንስታ አየችው፤ እሱንም ታስወጣዋለች ብዬ ስጠብቅ ራሷ አጣጥፋ ከላይ አስቀመጠችው። "የደንገጎ ብርድ ላይ ታመሰግነኛለህ።"

ስለ ወጪ ልጠይቃት ሞከርኩ። በየከተማው አልጋ ብንይዝስ? ውሃ እየገዛን ብንጠጣስ? ጃንጥላው መሬቱን መታ።

"በብርማ ማንም ይሄዳል!"

ይህች የክብርቷ መፈክር ናት። አልጋ ሲነሳ "በብርማ ማንም ይሄዳል!" የፕላስቲክ ውሃ ሲነሳ "በብርማ ማንም ይሄዳል!" መሪያችን ራሷ ናት፤ ዕቅዷም እንዲህ ነው፦ ጧት በሶ፣ ቀን ቴምር፣ ማታ የሰው ቤት። የመጀመሪያው ሌሊት ደንገጎ፣ የሟች ባሏ ዘመዶች ዘንድ። ሁለተኛው ቀርሳ፣ ሻሽ ከእሷ የምትረከብ ነጋዴ ቤት። ከዚያ ቁልቢ። ለየባለቤቱ የሚሰጥ ስኳርና ሳሙና በየፌስታሉ ተቋጥሮ አልቋል። "ባዶ እጅህን የገባህ እንደሆነ እንግዳ አይደለህም፣ ዕዳ ነህ" አለችኝ።

"ማታ ባያሳድሩንስ?" አለች ዱኒያ።

"ቴምር አለ።"

"ቴምሩ ቢያልቅስ?"

"ፍሬውን ትመጥጫለሽ።"

ከዚያ ደግሞ ልምምድ መጣ። ልምምዱ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነው። አሸዋ ላይ የተራመደ እግር አስፋልት ላይ ይበራል ትላለች። አንድ ማለዳ ሦስታችንም ቦርሳ አዝለን፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወርደን፣ አንገታችንን ደፍተን በአሸዋው ላይ እንመላለሳለን። አንገታችንን የደፋነው "ዓይንህ ከፊትህ እርምጃ አይለፍ" ስለተባልን ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ከላይ ቆሞ ትንሽ አየንና ጮኸ።

"ምን ጠፋባችሁ?"

ማንም አልመለሰለትም፤ ስንራመድ ማውራት ክልክል ነው። ሰውዬው ወረደና አጎንብሶ ከጎናችን መፈለግ ጀመረ። ሌላው መጣ። አትክልት የተሸከሙ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ሙሽራ የወርቅ ቀለበት ጠፍቷል የሚል ወሬ ከኋላዬ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ቀለበቱ ሐብል ሆነ። ክብርት ቱሪያ ሰልፏን ሳታፈርስ ሁለቴ ተመላልሳ፣ ወንዙ በሰው ከሞላ በኋላ "በቃን" ብላ ይዛን ወጣች። ሰዉ ግን ፍለጋውን አልተወም። ማታ ፋርሂያ "ደቻቱ ውስጥ ወርቅ ተገኘ አሉ፣ ሰማህ?" አለችኝ።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር እየቆየ ይከነክነኝ ጀመር። የክብርቷ ዕቅድ እስከ ቁልቢ ድረስ ዛፍ በዛፍ፣ ጠጠር በጠጠር የተቀመጠ ነው። የትኛው መታጠፊያ ላይ ነፋስ እንዳለ፣ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ ታውቃለች። ቁልቢ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ሼህ ሁሴን ደግሞ ከቁልቢ ብዙ ብዙ ቀን ይቀረዋል፤ መንገዱ አስፋልቱን ጥሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋቢ ሸለቆ ነው የሚወርደው።

"ከቁልቢ በኋላስ?" አልኳት አንድ ቀን።

"መጀመሪያ ዳገቱን ጨርስ።"

"እሺ ጨረስኩ እንበል።"

"ሳትጨርስ ጨረስኩ አትበል። ስማ ዛኪር፣ ሰው ከመንገድ የሚመለሰው ቤቱ ቅርብ ሳለ ነው። ከራቀማ ወዴት ይመለሳል? ስለዚህ የሚታቀደው የመጀመሪያው የመጀመሪያው ነው።"

አሳማኝ ነው። ቢሆንም እኔ መልስ ያገኘ የመሰለው ጥያቄ ይበልጥ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። በሌላ ቀን በሌላ በኩል ዞሬ ጠየቅኋት፤ ስለ ካልሲ አስተማረችኝ። ዱኒያን ጠየቅኋት። "እኔንም 'ዳገቱን ጨርሺ' ነው ያለችኝ" አለች።

ቀኑ ደርሶ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነሳን። ድሬ ከኋላችን ሳትነቃ፣ ከፊታችን የደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ይጠብቀናል። ፀሐይ ስትወጣ አንድ አይሱዙ አጠገባችን ቀዝቀዝ አለና ሹፌሩ ብቅ ብሎ "ኑ ውጡ! በነጻ ነው!" አለን። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

"ቱሪያ፣ ነጻ ነው እኮ! ብር የለበትም!"

"ነጻውማ ከሁሉ ይወደዳል" አለችና ሹፌሩን በጃንጥላዋ አሰናበተችው።

ያን ቀን ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ጥላ አለ ያለችበት ቦታ ላይ ጥላ አለ። ውሻ አለ ያለችበት ቦታ ላይ ውሻው ወጥቶ ጮኸብን፤ እሷን ሲያይ ጅራቱን ቆላ። ደንገጎ ስንደርስ ጉም ወርዶ ከብርድ ጋር ጠበቀንና ጃኬቴን እየለበስኩ ሳልወድ አመሰገንኳት። የባሏ ዘመዶች የማሽላ ቂጣ በትኩስ ወተት አቀረቡልን። እሷ ሳትቀመጥ በጨው ውሃ እግራችንን ዘፈዘፈችን። የእኔን ጣቶች አንድ በአንድ ስታይ፣ እናቴ ጥፍሬን የምትቆርጥልኝ ጊዜ ትዝ አለኝ።

"እንዴት ነው ይህን ሁሉ የምታውቂው?" አልኳት።

"ተመላልሼበታለሁ" አለች፣ እግሬን እያደረቀች።

በማግስቱ ጉልበቴ ማጉረምረም ጀመረ። ቀርሳ ስንገባ ነጋዴዋ ቤት ግድግዳ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ቁልቢ ስንደርስ ግን መናገር አላስፈለገኝም፤ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ሞልቶታል።

ቁልቢ ላይ የምናርፈው ፋና ሻይ ቤት ነው። ፋና ክርስቲያን ናት፤ ለገብርኤል የሚመጣውንም፣ ወደ ሼህ ሁሴን የሚያልፈውንም ታስተናግዳለች። ለቱሪያ የምትቀቅልላት ባቄላ ሁልጊዜ በተለየ ድስት ነው። ቱሪያና ዱኒያ ለዙሁር ሶላት ሲወጡ እኔ ተቀምጬ ሰገድኩና እግሬን አግዳሚው ላይ ዘረጋሁ። ፋና ሻይ አስቀመጠችልኝና ጉልበቴን አየችው።

"ዘንድሮ አንተ ነህ?"

"ምኑ?"

"የሚመለሰው።"

"ሁልጊዜ የሚመለስ ሰው አለ?"

"አይጠፋም" አለች ከፊቴ እየተቀመጠች። "አምና ሆዱን የታመመ ልጅ ነበር። ካቻምና አንድ ጎልማሳ፣ እዚህ ድረስ ሲቀልድ መጥቶ ሚስቴ ናፈቀችኝ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጫማዋ የተገነጠለባት ሴትዮ።"

"ቱሪያስ?"

"ይዛቸው ትመለሳለቻ! እሷ መቼ ከዚህ አልፋ ታውቃለች?"

ሳቄ መጣ። ያቺ የመንገድ ሊቀ ሊቃውንት፣ ያቺ የሰፈሩን እግር ሁሉ ስታሰለጥን የኖረች ሴት፣ የምታውቀው የመንገዱን ጅማሬ ብቻ ነው! ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ስንት ጊዜ ነው ያን ዳገት በከንቱ የወጣችው?

ቱሪያ ስትመለስ ጉልበቴን በሁለት ጣት ተጭና አየችውና በዚያው ስልኳን አወጣች።

"ነገ ጧት ድሬ ነን። ከፊት ወንበር የሚያስቀምጠን ሚኒባስ አውቃለሁ።"

የዱኒያ ፊት ሲጠቁር አየሁ።

"እኔ እመለሳለሁ፤ እናንተ ለምን ትመለሳላችሁ?" አልኩ። ዋቢን ሳላየው ልቀር መሆኑ የገባኝ ገና ያኔ ነው።

"ያመጣሁትን ሰው ሜዳ ላይ ጥዬ? እኔ?"

"ቱሪያ፣ ከዚህ ወዲያ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

ፋና ታጥቦ ያለቀውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ክብርት ቱሪያ ጃንጥላዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ቤት ውስጥ መሆኗን አስታወሰችና አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

"ሰው ይታመማል አቦ" አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ከቁመቷ አንሶ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። "ምን ላድርግ? መጀመሪያ መጀመሪያ ሲታመሙብኝ አለቅስ ነበር። አምና ግን... ያ ልጅ ሆዴን ሲል፣ ዋላሂ፣ ደስ አለኝ።"

"ለምን?" አለች ዱኒያ።

"ከዚህ ወዲያ ማንን አውቃለሁ? ውሃው የት እንዳለ አላውቅ፣ የማን ቤት እንደሚታደር አላውቅ። ሰው ሁሉ 'ቱሪያ ታውቃለች' ብሎ ነው የሚከተለኝ። ወስጄ ባጠፋውስ? እዚህ ድረስ እችላለሁ። እዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ።"

እሷን ማጽናናት ለምጄ አላውቅም። ዱኒያ ግን ቦርሳዋን ወደ ራሷ ጎተተችና ማሰሪያውን ማጥበቅ ጀመረች።

"እኔ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ አይደለም የመጣሁት። ወንድሜ ስለዳነልኝ ነው የመጣሁት። ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ።"

"ብቻሽን?"

"እየጠየቅኩ እሄዳለሁ። አፍ አለኝ።"

"አፍ አለኝ ትላለች! ጨውሽ እኔ ጋ ነው፣ ቴምርሽ እኔ ጋ ነው። ቅድም ያን ሽቅብ ስንወጣ ካልሲሽን ገልብጠሽ ነው ያደረግሽው፣ ዝም ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? ብቻዋን ትሄዳለች!"

"ታዲያ አብረሽኝ ነያ።"

ቱሪያ እኔን አየችኝ፣ ጉልበቴን አየችው። ከዚያ ወደ ውጭ፣ አስፋልቱን ጥሎ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውን የአፈር መንገድ ብዙ አየችው።

"ፋና፣ ይሄ መንገድ ወዴት ነው የሚወጣው?" አለች።

"እኔም አልሄድኩበትም" አለች ፋና። "የሚያልፉት ግን ሲመለሱ ወፍረው ነው የሚመጡት። ሼህ ሁሴን የሚሄድን ሰው እዚያ አገር ጦም አያሳድሩትም ይላሉ።"

በማግስቱ ጧት ሚኒባስ ውስጥ አስገባችኝ። በስተግራ ተቀመጥ አለችኝ፤ እግርህን አትጠፍ አለችኝ፤ ረዳቱን ጠርታ፣ ጉልበቴን ሰው እንዳይነካው አስጠነቀቀችው። የቀረውን የእኔን ድርሻ ቴምር አስቆጠረችኝና እንደገና ሐሳቧን ለውጣ ለራሷ ወሰደችው፤ "አንተ ቤትህ ነህ፣ እኛ ነን መንገደኞቹ" አለች። ያን "እኛ" ስትል ጃንጥላዋን ወደ አፈር መንገዱ ቀሰረች።

ሚኒባሱ ሲዞር በመስኮት አየኋቸው። ዱኒያ ከፊት፣ ክብርት ቱሪያ ከኋላ፣ የአፈር መንገዱን ጀምረዋል። ትንሽ እንደሄዱ ቱሪያ አህያ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ አስቆመች። በጃንጥላዋ ወደ ፊት ጠቆመች፤ ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ በኩል ጠቆማት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ተማሪ አዳመጠችው።

ድሬ ከተመለስኩ በኋላ ሰፈሩ በየቀኑ ወሬ ይጠይቀኛል። ሰፈሩ እሷ ከሌለች ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ የገባው ይመስላል፤ ፋርሂያ እንኳ ሐረር ለቅሶ ልትሄድ ብላ በየትኛው መኪና እንደምትሄድ ሳትወስን ዋለች። የቱሪያ ስልክ ተዘግቷል። ቀናት አለፉ፤ እኔም ሳልናገረው ወንበሬ ላይ መቆነጥነጥ ጀመርኩ። ከቁልቢ ወዲያ የገፋኋት እኔ አይደለሁም? ያን ጥያቄ ባልጠይቃት ኖሮ ይኼኔ ቤቷ ናት።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እግሬን የአምፖል ካርቶን ላይ ሰቅዬ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ዛኪር! እኔ ነኝ!"

ስለ ጉልበቴ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ስለ ጉልበቴ አልጠየቀችኝም።

"የት ደረሳችሁ?"

"አላውቅማ!" አለችና ሳቀች። ይህን ሳቅ ከእሷ ሰምቼው አላውቅም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳቅ ነው። "ስሙን ሁለቴ ነገሩኝ፣ ሁለቴም ጠፋኝ። አንድ ትልቅ ዛፍ ስር ነን። አንዲት ሴትዮ ናት ያሳደረችን፤ ማን እንደሆነች አላውቃትም፣ ዋላሂ፣ አላውቃትም! እግሬን አጠበችኝ ዛኪር። እኔን! ተቀመጪ ብላ ተቆጣችኝ፣ ተቀመጥኩ።"

"ነገስ የት ነው የምታድሩት?"

"እኔ ምኑን አውቄ? ዱኒያ ትጠይቃለች። ቆይ... መጣሁ አቦ! ዱኒያ እየጠራችኝ ነው፣ ዛሬ ዘገየሽብኝ ትላለች። የሰው ስልክ ነው፣ ቻው!"

ስልኩ ተዘጋ። ቀና ስል ፋርሂያና ከጎረቤት ሱቆች የወጡ ሰዎች በሩን ሞልተውታል።

"የት ደረሰች?" አሉኝ።

"አታውቅም።"

ገንደ ቆሬ እንዲህ ያለ መልስ ለምዶ አያውቅም። አንዱ ትልቅ ዛፍ ስር መሆናቸውን ስነግረው "እንግዲያማ እዚያ ናት" ብሎ ደንገጎን አልፎ የማያውቀውን አገር ማብራራት ጀመረ፤ ሌላው ተከራከረው። ፋርሂያ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ደህና ናት ግን?" አለችኝ በቀስታ።

"ደህና" ልላት ፈልጌ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ስለዚህ ራሴን በአዎንታ ብቻ ነቀነቅሁ።